በእሾህ ላይ የታሰረ ላባ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትዕግሥት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና «እማማ፣ ሥራ ያጣ ፈረንጅ ላሳይሽ» አለችኝ። አንድ ጢማም ሰውዬ የዓሣ መንጠቆ በትንሽ ማጥበቂያ ቆንጥጦ፣ በላዩ ላይ ላባ እየጠመጠመ በክር ያስራል። ክሩን ይስባል፣ ላባውን በጣቱ ያበጥራል፣ ደግሞ ያዞራል። ላባው የከረሜላ ወረቀት የመሰለ ደማቅ ሐምራዊ ነበር።

«ይኼ የተነከረ ነው» አልኳት። «የአንገት ላባም አይደለም። እይው፣ ልል ነው፤ ውኃ ጠጥቶ ይሰምጥበታል።»

ትዕግሥት ስልኩን ትታ እኔን ታይ ጀመር። «አንቺ ደግሞ ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ድሮ፣ ኩልፎ ላይ» አልኩና ሌላ ስም ወደ አፌ ሲመጣብኝ ተነሥቼ ጓሮ ገባሁ። ሀለኮ፣ ሽፈራው የሚሉትን፣ የምቆርጥ መስዬ ቅጠሉ መሀል ቆየሁ። ያን ዕለት ከአፌ ያልወጣውን ይኸው በደብተር እጽፈዋለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት እጅ ስለሆነ ፊደሉ ይንጋደድ ይሆናል፤ ነገሩን ግን አላንጋድደውም።

ያኔ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ሲቀላ በምትባለው ሰፈር፣ ወደ ኩልፎ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ጫኖ መንደር የሙዝና የበቆሎ ማሳ ነበረው፣ እናቴ ዶሮ ታረባለች። ሲቀላ እንደ ዛሬው ባጃጅ የሚርመሰመስባት አልነበረችም። አቧራ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ የጭነት መኪና፣ ከዚያ ውጪ ሙቀቷ ብቻ ነበር። ሙቀቱ ያው ዛሬም አለ።

ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር እትዬ ማርታ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለነበሩ ወንጌል ይዘው ገጠር ለገጠር ይዞራሉ እንጂ ቤት አይገኙም። ባዩሽ የእትዬ ማርታ የእህት ልጅ ናት። ከካምባ ደጋ ያመጧት እንድትማር ተብሎ ነው። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ሕፃን ታዝላለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ያም ሆኖ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣው እሷ ነበረች። ሁለተኛዋ እንኳ እኔ አልነበርኩም።

«አስተማሪ ሆኜ ካምባ እመለሳለሁ» ትለኝ ነበር። «አንቺን ግን አላስተምርም፣ ዙፋን። ሁለትና ሁለት አራት ነው ብል፣ አራቱ እንዴት ይካፈላል ብለሽ ትከራከሪኛለሽ።»

እውነቷን ነው። እናቴ ዳቦ ስትቆርስ እንኳ ቢላውን አያለሁ። ለወንድሜ የበዛ መስሎ ከታየኝ የራሴንም አልበላም። «ይቺ ልጅ ዳኛ ሆና ነው የተወለደችው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ጌታቸው ከሰሜን የመጡ መሬት ቀያሽ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው። ድሮ አብሯቸው የሠራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ዘንጉንና መንጠቆ የሚቆነጥጥበትን ማጥበቂያ ትቶላቸው ሄዷል። ከሥራ ሲወጡ ከድልድዩ በላይ፣ አዞ ከማይደርስበት ድንጋያማ ቦታ ላይ ይቆሙና ዘንጉን እንደ አለንጋ ያወናጭፋሉ። መንጠቆው ላይ ትል የለ፣ ሥጋ የለ፤ ዓሣው ነፍሳት መስሎት የሚውጠው፣ በክር የታሰረ ላባ ብቻ። የሰፈሩ ሰው «ዓሣ በላባ የሚያታልል ሰው መጣ» እያለ ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ አውራ ዶሮ ስታርድ ደጃችን ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አነሡ። «እሜቴ፣ የአንገቱን ላባ ቢሰጡኝ?»

«ሰው ሥጋ ይለምናል እንጂ ላባ ይለምናል?» አለች እናቴ፤ እሷም እየሳቀች ሰጠቻቸው። እኔ ለምን እንደፈለጉት ካላወቅሁ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ተከተልኳቸው። ባዩሽ ሕፃኑን እንዳዘለች እኔን ተከተለች። እንዲህ ነው የጀመርነው።

ላባ መምረጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዶሮ ላባ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። የሴቷ ላባ ልል ነው፣ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሰምጦ እንዲሄድ ለሚፈለገው ይሆናል። ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ከተፈለገ የአሮጌ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ያስፈልጋል፤ ጠባብ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በጣት ሲያጥፉት ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ጋሽ ጌታቸው ላባውን ወደ ፀሐይ ያነሡና «እዩ፣ ጫፉ ላይ ሱፍ ካለው አይሆንም» ይላሉ። የጅግራ ላባ ነቁጡ ለክንፍ ያምራል። በሕይወት ካለ ወፍ መንቀል ክልክል ነው፤ የታረደውን ወይም የረገፈውን ብቻ ነው የምንለቅመው። የለቀምነውን ቅማል እንዳይኖረው ፀሐይ ላይ እናሰጣለን።

ከሁሉ ከባዱ ቀለሙ ነው። እኔና ባዩሽ ቀዩን፣ ነጩን፣ ገብስማውን፣ ወሰራውን ለይተን መደዳውን ስንደረድር ጋሽ ጌታቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ደረቁን አትመኑት» ይሉናል። ላባውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ በብርጭቆ አድርገው፣ ከራሳችን በላይ ያነሡታል። «ዓሣ ከላይ አያይም። ከሥር ሆናችሁ እዩ።» ከሥር ሲታይ ነጭ ያልነው ይጠፋል፣ ጥቁሩ ጎልቶ ይወጣል፣ የቀዩ ዶሮ ላባ ደግሞ ማር ይመስላል። ኩልፎ ደፍርሶ ሲመጣ ጥቁርና ደማቅ ቀይ፣ ሲጠራ ደግሞ አመድማና ቡናማ። ይህን ሁሉ ባዩሽ አንዴ ሰምታ ያዘችው፤ እኔ ሦስቴ ጠየቅሁ።

እጇም ከእኔ እጅ ይለያል። ካምባ እያለች ጥጥ ስትፈትል ያደገች ናት፤ ክሩ በጣቷ ላይ ራሱ የሚሄድ ይመስል ነበር። ጋሽ ጌታቸው ማሰር ሲያስተምሩን የእኔ ሥራ ከውሻ አፍ የወጣ ሲመስል የእሷ ሊበር ይደርስ ነበር። መንጠቆ ግን እንደ ልብ አይገኝም። እሷም ቤት ስትሆን የግራር እሾህ ትወስድና፣ በመንጠቆ ፋንታ እሱ ላይ ላባ እያሰረች ትለማመዳለች። ክር ደግሞ ከእትዬ ማርታ አሮጌ ነጠላ ጥለት ላይ ቀዩን እየመዘዘች። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የተያዘውን ዓሣ ጋሽ ጌታቸው ለእኛ ይሰጡን ነበር። መጀመሪያ ተራ በተራ ነበር፤ ይህንን የቀየርኩት እኔ ነኝ። «ይኼ ልክ አይደለም» አልኳቸው። «ዓሣው የተያዘው በማን ላባ ነው? የላባው ባለቤት ይውሰድ።» ባዩሽ ሳቀች፣ ጋሽ ጌታቸውም «እሺ ዳኛዬ» አሉ። ሕጉ ጸደቀ። ያወጣሁት ሕግ ምን እንደሚያስከትል ግን አላሰብኩም።

ሚያዝያ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር አንድ ከሰዓት ላይ አሸን ፈላ። ምድሪቱ እንደ ጭስ ክንፋም ምስጥ አወጣች። ልጆች በቆርቆሮ እየሰበሰቡ ይቆላሉ፣ ወፉ ይለቅማል፣ ኩልፎ ላይም የወደቀውን ዓሣው ከሥር እየዘለለ ይቀልባል። ጋሽ ጌታቸው ወደ ወንዙ ሮጡ። አሸን የሚመስል ቀለም ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ቡናማም ያልሆነ፣ ቀይም ያልሆነ፣ ርጥብ ሲሆን ማር የሚመስል። ከቆርቆሮ ሣጥናቸው አንዱን ላባ አወጡና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አሰሩት። ሁለት ጊዜ ወርውረው በሦስተኛው ክንዴን የሚያህል ቢልጫ አወጡ። እንዲህ ያለ ዓሣ ከዚያ በፊት አልያዝንም።

«የማን ላባ ነበር?» አሉ እያለከለኩ።

«የእኔ!» አለች ባዩሽ። ቀድማኝ ነው ያለችው።

እኔ ደግሞ ላባውን አውቀዋለሁ። ከእናቴ ቀይ አውራ ዶሮ የተነቀለ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለው። የእትዬ ማርታ ዶሮ እንዲህ ያለ መስመር የለውም። ይህን ተናገርኩ። ባዩሽ ዓሣውን እንጂ እኔን አላየችም። «የእኔ ነው» ብቻ አለች፣ ቀስ ብላ።

ጋሽ ጌታቸው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «እኔ ቀላቅዬዋለሁ ልጆች፤ ቀድማ የተናገረችው ትውሰድ። ነገ በማለዳ ለቅየሳ ወደ ቆላ እወርዳለሁ፤ ስመለስ ታርቃችሁ ላግኛችሁ።»

ባዩሽ ዓሣውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ሄደች። እኔ ማታ በዳጣ የቀረበልኝን ቆጮ አልበላሁም። ዓሣው አይደለም የቆጨኝ፤ እኔ ባወጣሁት ሕግ እኔን መዋሸቷ ነው። ጥፋቷን አምና ይቅርታ እስክትጠይቀኝ ድረስ አንዲት ቃል እንዳልናገራት ለራሴ ማልኩ። በእኛ በጋሞ ሁለት ሰው ሲጣላ እርጥብ ሣር የያዘ ሽማግሌ መሀል ይቆማል፤ ሣሩን አይቶ ያልበረደ ሰው ነውረኛ ነው። በሁለት ሴት ልጆች የዓሣ ጠብ መሀል ግን ሣር ይዞ የሚቆም የለም።

በዚያው ሳምንት የእትዬ ማርታ ሕፃን ታመመ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ከጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጥተዋቸዋል፤ የጸሎት ሰዎችም ይመላለሳሉ። በአራተኛው ቀን እትዬ ማርታ ቤቱን ሲጠርጉ የባዩሽን ሰሌን አነሡ። ከሥሩ ሰባት እሾህ አገኙ። እያንዳንዱ እሾህ ላይ የገብስማ ዶሮ ላባ በቀይ ክር ተጠምጥሟል።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ አገር ገብስማ ዶሮ፣ ቀይ ክርና እሾህ አንድ ላይ ታስረው በታመመ ሕፃን ቤት ሲገኙ፣ ዓሣ የሚያስብ ሰው የለም። መተት ነው። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ግቢው ሞልቷል። እትዬ ማርታ እሾሆቹን በአሮጌ ሰሐን ይዘው መሀል ቆመዋል።

«የራሴን ነጠላ ክር!» ይላሉ። «ከራሴ ልብስ መዝዛ፣ በልጄ ላይ! ማነው ያስተማረሽ? ካምባ ሳለሽ የትኛው ጠንቋይ ዘንድ ነው የላኩሽ?»

«ለዓሣ ነው አክስቴ» ትላለች ባዩሽ። እንባዋ ከአፏ ገብቷል። «አሸን ነው፣ አሸን እንዲመስል ነው።»

«ዓሣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዶሮ የሚበላው?» አለች አንዷ፤ ሰዉም ሳቀ። እየፈሩ የሚስቁት ሳቅ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ አልወድም።

«ዙፋንን ጠይቋት! እሷ ታውቃለች!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ማርታ ሰሐኑን ይዘው እስከ አጥሩ መጡ። ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። «ልጄ፣ ይኼን ታውቂዋለሽ?»

«አዎ፣ ለዓሣ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ቃል ነው። ባዩሽን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ከዓሣው ቀን ወዲህ ቀና ብላ ያየችኝ ገና ያን ጊዜ ነበር። እኔም በልቤ፣ አሁን ስትቸገሪ ነው ዙፋን የምትይው አልኩ።

«እሷን ጠይቋት» አልኳቸው። «እሷ እውነቱን ስትናገር እኔም እናገራለሁ።»

አልዋሸሁም። ይህን ዓመታት ሙሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ አንዲት ሐሰት አልተናገርኩም። የእትዬ ማርታ ፊት ግን ተለወጠ። እኔ ስለ ዓሣው ነው ያልኩት። እነሱ የሰሙት ስለ ሕፃኑ ነው። እንደዚያ እንደሚሰሙት አላወቅሁም ነበር ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ፊታቸው ሲለወጥ አይቼ፣ አፌን ዘግቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። አስቤው የነበረው፣ ማታ ባዩሽ በአጥሩ ቀዳዳ መጥታ «ላባው ያንቺ ነበር» ትለኛለች፤ እኔም ወዲያው ሄጄ ሁሉንም አስረዳለሁ ብዬ ነው። ማታ ግን አልመጣችም። ለካ ደጅ እንዳትወጣ ጠብቀዋታል።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ቦታዋ ባዶ ነበር። ደብተሬን ጥዬ ወደ መኪና መቆሚያው ሮጥኩ። እዚያ ጨው የሚያወርድ ሰው «የካምባው መኪና? ጎሕ ሲቀድ ሄዷል። የምታለቅስ ልጅ ጭኗል» አለኝ።

ከዚያ ወደ እትዬ ማርታ ቤት ሄድኩ። የሕፃኑ ትኩሳት ወርዶ ጡት ይጠባል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማጥበቂያውን፣ ብርጭቆውን፣ አሸኑን፣ ዓሣውን። በሐሳቤ ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«ትናንት ጠይቄሽ አልነበረም?» አሉኝ።

«ጠይቀውኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«ላባው የእኔ ነበር» አልኳቸው።

ጋሽ ጌታቸው ሲመለሱ እትዬ ማርታ ዘንድ ሄደው መንጠቆ ላይ ያሰሩትን አሳዩአቸው። እኔን አልተቆጡም። ላባ ይዤላቸው ብሄድ ግን «በቃኝ ልጄ» አሉና ሣጥኑን ከደኑት። እትዬ ማርታ በካምባ ገበያተኞች፣ ባዩሽ ልትመለስ ይገባታል ብለው መልእክት ላኩ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር መልሱ ዘግይቶ መጣ። መተት ይዛ ተመለሰች የተባለችን ልጅ ቤቱ ማቆየት ስላልፈለገ አባቷ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ድሯታል። በሁለተኛው ዓመት በወሊድ ሞተች። ይህንን የነገረችን ቅቤ ይዛ የምትወርድ ሴት ናት፤ ቅቤውን እየመዘነች ነው የነገረችን።

እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ካምባ የሄድኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። የባዩሽን ታናሽ እህት ጠያይቄ አገኘኋት፤ እንሰት ትፍቅ ነበር። ስሜን ስነግራት መፋቂያዋን አስቀመጠች።

«ዙፋን? የሲቀላዋ ዙፋን?»

«ነኝ።»

ሣር ላይ አስቀመጠችኝ፣ ትኩስ ወተት በቅል ሰጠችኝ። «እህቴ ስላንቺ ታወራ ነበር» አለች። «ላባው የዙፋን ነበር ትል ነበር። የአክስቴ ባል ከገጠር የሚመለሱበት ቀን ነበር፤ ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም፤ አክስቴ ሲጨነቁ አይቼ ዋሸሁ፣ ብዬ ልነግራት እፈልግ ነበር ትል ነበር። ዙፋን ስትቆጣ ደግሞ እፈራታለሁ ብላ ትስቃለች።»

ወተቱን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከአፏ እንዲወጣ የማልኩበትን ቃል ይኸው ሰማሁት። ከሌላ ሰው አፍ፣ ከስንት ዘመን በኋላ። እህቷ ይቅርታ የጠየቀችኝ ያህል አንገቷን ደፍታ ነበር፤ እኔ ተነሥቼ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። በመንገድ ሁሉ ዝናብ ነበር። መኪናው ውስጥ ሰው ስለነበር ሻርፔን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

ዛሬም የሰፈሬ ሰው ሲጣላ ይጠራኛል። አታዳላም ይሉኛል። አላዳላም፤ በዚህ ነገር እስክሞት አልለወጥም። ግን አሁን ሰው ሲከሰስ ስሰማ፣ ማን ማንን እንደበደለ ከመጠየቄ በፊት የማውቀውን እናገራለሁ። የሚያስቀይመኝ ሰው ቢሆንም እናገራለሁ። በተለይ የሚያስቀይመኝ ሲሆን ፈጥኜ እናገራለሁ። የእኔን ድርሻ ደግሞ ሌላ ቀን እጠይቃለሁ፤ ድርሻ መቆየት ይችላል።

ይህን ጽሑፍ በኮምፒዩተር የምትገለብጥልኝ ትዕግሥት ናት። ትናንት እዚህ ስትደርስ እጇን ከፊደሉ ላይ አነሣች። «እማማ፣ ስለ ላባው ግን ልክ ነበርሽ አይደል?» አለችኝ።

«ልክ ነበርኩ» አልኳት።

ልታቅፈኝ ተነሣች። ተቀመጪ፣ ጻፊው አልኳት።